አርባ መርከብ

ልጄ፣ የጥምቀት ለት በረካው ሳይቀዳ ተነሥተሽ ሄድሽ። መኪና እንዳያመልጥሽ ነው፤ አልተቀየምኩም። ነገር ግን በአቦሉና በቶናው መሐል የተናገርሽው ከራሴ አልወጣ አለ። «አይዋ፣ ሥልጠና የከተማ መምህር ሲሳይ ነው፤ እኔ እዚያ ገጠር ተቀምጬ እንግሊዝኛዬ ሲዝግ እያየሁት ነው» አልሽኝ። አክስትሽ «ደመወዝ አለሽ፣ ጤና አለሽ፣ ደግሞ ምን ጎደለሽ!» ብላ አፍሽን አስያዘችሽ። እኔም ዝም አልኩ። መልስ አጥቼ አልነበረም፤ በአንድ ስኒ የሚያልቅ ነገር ስላልመሰለኝ ነው። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ፤ ደጃዝማችነቱ ቢቀርብኝም ነገሩ እንዳይቀርብኝ ብዬ ይኸው ብዕር አነሣሁ።

ከራሴ ጉድ ልጀምር።

ማስተማር በጀመርኩ በአሥራ አንደኛው ዓመት ነው። ሰባተኛ ክፍሎችን «ስለ ቤተሰባችሁ አምስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉ» ብዬ ደብተር እሰበስባለሁ። ከደንቆሮ ጫካ በኩል የሚመጣ፣ ባናውን ከትከሻው የማያወርድ አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ደብተሩን ስገልጥ «አባቴ አርባ መርከብ አለው» ይላል። ባሕር ቀርቶ ደህና ኩሬ በሌለበት ቀበሌ አርባ መርከብ! ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፤ ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። ልጁ ግን አልሳቀም። «ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ነው የጻፍኩት» አለኝ።

«በግ ለማለት ፈልገህ ነው አይደል? በል እንዲህ በል፦ ሺፕ።»

«ሺፕ።»

«አይደለም! ሺፕ!»

«ሺፕ።»

እስቲ ይህን የጻፍኩትን መልሰሽ እይው። በፊደላችን አንድ ነው፤ በአፌም አንድ ነበር። ፈረንጁ በጉን ሳብ፣ መርከቡን ቆረጥ ያደርገዋል፤ ለእርሱ ጆሮ ሁለቱ ጨርሶ አይገናኙም። እኛ ቃል የምንለየው በማጥበቅና በማላላት ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ደግሞ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ፈረንጅ ይህን ሲያምታታ እንስቅበታለን። የእኔም ነገር ያው ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለቱን ቃላት በትክክል ለይቼ እጽፋለሁ፤ አፌ ግን አይለያቸውም። ልጁ በጆሮው የተማረ ልጅ ስለሆነ የሰማውን ጻፈ።

ይህን የነገረኝ ከደሴ ተዛውሮ የመጣ ወጣት መምህር ነው። የክፍላችን ግድግዳ ጭቃ ነው፤ የአንዱ ክፍል ድምፅ ለሌላው ይሰማል። በእረፍት ሰዓት ጠጋ አለና «ጋሼ፣ ልጁን ለምን ይቆጡታል? እርስዎም እኮ ሁለቱን አንድ ነው የሚሏቸው» አለኝ። ደሜ ፈላ። ሦስት ቀን ሰላምታ ነፈግሁት። በአራተኛው ቀን ማታ ብቻዬን ተቀምጬ ሳወጣ ሳወርድ አንድ ነገር ገባኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛዬን የሰማው ከእኔ በታች የሚያውቅ ልጅ ብቻ ነበር። ሱፐርቫይዘር ይመጣል፤ የትምህርት ዕቅዴን አይቶ፣ ፈርሞ ይሄዳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ እኔ አልደበቅሁም፣ መታመሜን የሚነግረኝ አጣሁ እንጂ። በማግስቱ ያንን ወጣት «ና፣ ከኋላ ወንበር ተቀመጥልኝ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሥልጠና በተባለ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። እዚያ የሚሰማኝ ሰው አለ ወይ?

ሰሚ ማጣት ምን እንደሆነ ለማየት ከእኛ በሰሜን ምሥራቅ ያለውን የመቅደላ አምባ አስቢው። በትምህርት ቤት የመቅደላን ነገር ስንማር መድፍና ሽጉጥ ነው የሚነገረን። እኔ ግን ቋንቋ አስተማሪ ነኝና የሚታየኝ ሌላ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ የቆንስሉ እስር፣ ከዚያም ጦርነቱ የመጣው በዚያ ቂም ላይ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም አምባው ወደቀ። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ እናቱንም በመንገድ አጥቶ እንግሊዝ አገር ሲወሰድ በቋንቋው የሚያጫውተው ሰው ካፒቴን ስፒዲ ነበር፤ ያ የእኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ ያሉት፣ አማርኛ የሚያውቀው ረጅም እንግሊዛዊ። በኋላ ከእርሱም ለይተው አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡት። በ1872 ዓ.ም፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። ያ ልጅ በዚያ ሁሉ ትምህርት ቤት ውስጥ አማርኛ ቢናገር ማን ይሰማዋል? አንቺም እዚያ ተራራ ላይ እንግሊዝኛሽን ይዘሽ ስትቀመጪ ዕጣሽ የዚያ ልጅ ግልባጭ ነው። ዛገ ያልሽው ቋንቋ ሰሚ ያጣ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ቅሬታሽ የቅንጦት አይደለም፤ አክስትሽ ተሳስታለች። (ይህን አታንብቢላት።)

አሁን ደግሞ ልቆጣሽ ነው። ሥልጠና ከአዲስ አበባ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ነገር አድርገሽ አየሽው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይህ ነው። ወሎ ማንም በእናቱ ጭን ያልሰማውን ቋንቋ ሲያስተምር የኖረ አገር ነው። አባቴ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ነው፤ የእናቴ ወንድም ደግሞ ሐሪማ ገብቶ ኪታብ የቀራ ነው። ወሎ ነንና ይህ አይገርምሽም። አንደኛው ግዕዝ፣ ሌላኛው ዓረብኛ። በጀት የለ፣ አበል የለ፣ ሰርተፊኬት የለ።

አባቴ ሲነግረኝ የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ካጠና በኋላ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል። ጫካ ገብቶ፣ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ለብቻው። ማታ ግን ያንኑ ይዞ የኔታ ፊት ይቆማል። ጓደኞቹ ሁሉ እየሰሙ ይናገራል። ቤት ከጎደለ፣ ምሥጢሩ ከሳተ፣ እዚያው ይታረማል፤ ሲያምር «ይበል!» ይባላል። ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ እንዲህ ነው የሚወጣው። ልብ አድርጊ፤ የኔታም ዝም ብለው አራሚ አይደሉም፤ የራሳቸውን አዲስ ቅኔ በተማሪው ፊት ይዘርፋሉ። አንድ ጉባኤ አይበቃውም፣ ዋድላ የተማረው ጎንጅ ይሻገራል፣ መንገዱ ሌላ ነውና። አጎቴም እንደዚሁ ለነሕው፣ ማለት ለዓረብኛው ሰዋስው፣ አንድ ሼኽ ዘንድ፣ ለፊቅህ፣ ማለት ለሃይማኖቱ ሕግ፣ ሌላ ሼኽ ዘንድ እየዞረ ቀራ። ደረሳ ሸምድዶ ብቻ አያልፍም፤ ከኪታቡ እያነበበ በአማርኛ ይፈታል፣ ሼኹ ያዳምጣሉ፣ አንዲት ሐረካ ብትዛባ ያስቆሙታል።

ይህን ያነሣሁት ጥንቱን ለማሞገስ አይደለም። የቅኔ ቤት አለንጋ በልጅ ገላ ላይ ምን እንደሠራ ከአባቴ ጀርባ አይቻለሁ። ላሳይሽ የፈለግሁት አንዱን ነገር ነው፤ እዚያ ቤት መቀመጥ ብቻውን እንደ ትምህርት አይቆጠርም።

የእኛ ዘመን ተቃራኒውን አመጣ። በ1997 ዓ.ም ፕላዝማ ገባ። በየሁለተኛ ደረጃው ትልልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ከሳተላይት አንድ መምህር በጥሩ እንግሊዝኛ ያስተምራል። እኛ መግቢያ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶን ከሰሌዳው ጎን እንቆማለን። መልካም ጎን አልነበረውም አልልም፤ ድምፁ ጥሩ ነበር፣ እኔ ራሴ ከእርሱ ብዙ ቃል አርሜያለሁ። ግን ይናገራል እንጂ አይሰማም። «ገባችሁ?» ይላል፤ ልጆቹ «አልገባንም» ይሉታል፤ እርሱ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ይቀጥላል። ያን ጊዜ የሳቅነው ሳቅ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ብዙ ሥልጠና ደግሞ ሰው የለበሰ ፕላዝማ ነው። አንድ ጊዜ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ «ተማሪ ተኮር የማስተማር ዘዴ» ተብለን ሦስት ቀን ሆቴል አዳራሽ ተቀመጥን። አሠልጣኙ «መምህር ብዙ ማውራት የለበትም» እያለ ሦስት ቀን ሙሉ አወራ። አንድም ሰው ተነሥቶ አላስተማረም። በመጨረሻው ቀን አበሉን ፈርመን ወሰድን። እኔ በግ ገዛሁበት። በግ ነው ያልኩሽ፣ መርከብ አይደለም።

በሌላ ጊዜ ግን «ኤሊፕ» የምንለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ሥልጠና መጣ። 120 ሰዓት ኮሌጅ ገብተን። አብዛኛው ሰዓት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ማውራት፣ ተነሥቶ ማስተማር፣ ጓደኛን ማረም ነበር። ጸጉሩ የሸበተው መምህር ከልጁ ዕድሜ መምህር ጋር «ትናንት ምን በላህ?» እየተባባለ። የመጀመሪያውን ሳምንት አፍረን ሞትን። በሦስተኛው ሳምንት በእረፍት ሰዓት ሻይ ቤት ሳይቀር በእንግሊዝኛ መቀላለድ ጀመርን። እኔ «ኮምፈርቴብል» እና «ቬጅቴብል» እያልኩ ጠረጴዛ ስከምርባቸው የኖርኩት ቃላት ውስጥ ጠረጴዛ እንደሌለ ያወቅሁት እዚያ ነው። ሁለቱንም ሥልጠና መንግሥት ነው የጠራው፤ ልዩነቱ አሁን ግልጽ ይመስለኛል።

እንግዲህ ወደ አንቺ።

ሁለተኛ ዓመትሽ ነው። ጀማሪ መምህር ሁለት ዓመት በትውውቅ ፕሮግራም ነው የሚታቀፈው፤ ሜንተር ይመደብለታል። ከዚያም በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ (በተሙማ) በየዓመቱ 60 ሰዓት ሙያሽን ልታሻሽዪ ይጠበቅብሻል። የሚሠራውን አውቃለሁ፤ ሰኔ ሲደርስ ፖርትፎሊዮ በአንድ ሌሊት ይሞላል፣ የአንዱ ገጽ በሌላው ይገለበጣል። አንቺም ሞልተሻል፣ አትዋሺኝ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ሆኖ ነው እንጂ እነዚያን 60 ሰዓታት የሚከለክልሽ የለም። ሜንተርሽን «ቅጹን ይፈርሙልኝ» አትበዪው፤ «ማክሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ገብተው ከኋላ ይቀመጡልኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ይዩልኝ» በዪው። አንድ ነገር። ጥያቄ ጠይቄ መልሱን ራሴ እመልሳለሁ ወይስ እጠብቃለሁ? ሴቶቹን ስንት ጊዜ ጠራሁ? ሁሉን እይልኝ ያሉት ሰው ምንም አያይም። እንግሊዝኛው ከአንቺ ካነሰስ ብለሽ ታስቢ ይሆናል፤ ሒሳብ መምህርም ቢሆን ይህን መቁጠር ይችላል።

«አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም።» በትምህርት ቤቶች ጉድኝታችሁ ውስጥ ያሉት ሌሎች የእንግሊዝኛ መምህራን ምናልባት እንዳንቺው ብቻቸውን የሚጨሱ ናቸው። በገበያ ቀን ሁላችሁም መካነ ሰላም ትወጣላችሁ አይደል? በወር አንድ ጊዜ፣ ሁለት ሰዓት፣ አማርኛ ሳይነገር። አንዱ የሚያስተምረውን ገጽ ለሌሎቹ ያስተምር፣ ሌሎቹ ዘጠነኛ ክፍል ሆነው ይቀመጡ፣ ይረብሹም። መጀመሪያ ቀን ሦስት ሰው ቢመጣ ብዙ ነው። የሚስቅባችሁ ይኖራል፤ «ፈረንጆቹ መጡ» ይሏችኋል። ይበሉ።

ስለ ፈረንጅ ካነሣሁ፣ በልጅነቴ ደሴ ወይዘሮ ስሒን ትምህርት ቤት ስማር አንድ አሜሪካዊ የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኛ አስተምሮኛል። በ1955 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹ ከ270 በላይ ሆነው አገር ውስጥ ከገቡ በኋላ የመጣ ነው። እንግሊዝኛው የአገሩ ነው፣ ምን ይገርማል። እኔን የገረመኝ አማርኛው ነው። ቅዳሜ ገበያ ወርዶ እንቁላል ሲገዛ ባልቴቶቹን «አርሙኝ» ይል ነበር። «ሦስት እንቁላሎች ስጡኝ» ሲል «ሦስት እንቁላል ይበቃል ልጄ» ይሉታል፤ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ይጽፋታል። ሰኞ ክፍል ገብቶ እኛን ሲያርመን ማንም አልተከፋበትም፤ ሲታረም አይተነዋላ።

ከዚህ የምሰጥሽ ምክር አለ፣ ሰው ባይቀበለኝም። አንድ ሌላ ቋንቋ ከሀ ጀምረሽ ተማሪ። ኦሮምኛም ይሁን ዓረብኛ። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አገርሽን ስትጠሪ እኮ ሳታውቂው ትናገሪዋለሽ። ቱሉ አውሊያ ስትዪ «ቱሉ» በኦሮምኛ ኮረብታ ነው፣ «አውሊያ» ከዓረብኛ የመጣ፣ የአላህ ወዳጆች ማለት ነው። ለጋ ሂዳ ላይ «ለጋ» ወንዝ ነው። መካነ ሰላም ግዕዝ ነው። ይህን ለልጆቹ ንገሪያቸው፤ እንግሊዝኛ ባዕድ ሆኖ አያስፈራቸውም፣ በአገራቸው ስም ውስጥ ሦስት ቋንቋ ይዘው እየኖሩ! እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ኦሮምኛ ከአንድ ነጋዴ ጎረቤቴ ጀመርኩ። በሁለተኛው ሳምንት የረሳሁትን ቃል አምስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ላብ አጠመቀኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ልጆችን «ትናንት ነግሬህ!» እያልኩ ስቆጣ የኖርኩት ሰውዬ።

ስልክሽን ለፌስቡክ ብቻ አታድርጊው። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋብን ብዙ መምህር «በቃ፣ ተዘጋ» ብሎ እጁን አጣጠፈ። ስልክ ድምፅ ለመቅዳት ኢንተርኔት አይፈልግም። አሥር ደቂቃ የራስሽን ክፍል ቅጂና ማታ አዳምጪው። የመጀመሪያው ሌሊት ያማል፤ «እኔ እንዲህ ነኝ?» ትያለሽ። ኔትወርክ ያለበት ስትወጪ የቢቢሲን የእንግሊዝኛ ትምህርት አውርጂ፣ ብሪቲሽ ካውንስል «ቲቺንግ ኢንግሊሽ» ብሎ ለመምህራን የሚሰጠውን ነጻ ኮርስም እይ። አንድ ደቂቃ አዳምጠሽ፣ ራስሽ ብለሽው ቀድተሽ፣ ሁለቱን አስተያዪ። ሰው ሲጠፋ ጆሮሽ ሰው ይሁንልሽ።

የክረምቱ ማስተርስ ነገር። ማመልከት እንደምትፈልጊ ለአክስትሽ ነግረሻታል፣ ለእኔ ደብቀሻል። ተማሪ። ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም»፤ ለደረጃ ዕድገቱና ለደመወዙ ብቻ ከሆነ ሦስት ክረምት ሻንጣ መጎተት ነው። ከመመዝገብሽ በፊት ከእዚያ የወጣ ሰው ፈልገሽ ጠይቂ። አስተማሪው ቆማችሁ እንድታስተምሩ ያደርጋል ወይስ ሃንድአውት ሰጥቶ ይፈትናል? እስከዚያው ደግሞ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ መካነ ሰላም ካምፓስ አለው። የእንግሊዝኛ መምህራን አሉት። ሄደሽ አንኳኪ፤ «ተማሪ አይደለሁም፣ መምህር ነኝ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጬ ልስማ» በያቸው። ቢበዛ እምቢ ይላሉ።

መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ይህ ሁሉ ምክር ባዶ እንደሚመስልሽ አውቃለሁ። የ2014 ዓ.ም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን ያለፈው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑን የሰማን ቀን እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ። ዕዳው የእንግሊዝኛ መምህር ብቻ አይደለም፤ ሆኖም ፊዚክሱም ባዮሎጂውም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነውና ልጁ ጥያቄው ሳይገባው መልስ ይመርጣል። አንቺ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ስልሳ ልጆች ወደዚያ ፈተና የሚሄዱት ያንቺን ጆሮና አፍ ይዘው ነው።

ያ ባና ለባሽ ልጅ በኋላ ምን እንደሆነ አላውቅም። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ በክፍሉ ፊት፣ በሦስተኛው ሳምንት፤ ምን እንዳልኩት የገባው አልመሰለኝም።

ለፋሲካ ስትመጪ አሥር ቃል ጽፈሽ ይዘሽ ነይ፤ አምስቱ በግ፣ አምስቱ መርከብ፣ ቅደም ተከተላቸው የተደበላለቀ። በረካው እስኪቀዳ ተቀመጪና አንድ በአንድ በይልኝ፤ የቱ እንደሆነ እነግርሻለሁ። ባለፈው ወር የጎረቤት ልጅ ፈትኖኝ ከአሥሩ ሦስቱን ስቻለሁ።